ሲካፈል እንዴት ይበዛል

አምስተኛ ክፍል እያለሁ አባቴን የሒሳብ አስተማሪዬ ፍቅር ይዞታል ብዬ አምን ነበር። እምነቴም ባዶ አልነበረም፤ ማስረጃ ነበረኝ። ማስረጃዎቼን የምትመረምርልኝ ደግሞ ጓደኛዬ ጸሎት ነበረች። ጸሎት በአማርኛ የተተረጎሙትን ድራማዎች አንድም ሳያመልጣት ስለምትከታተል፣ በፍቅር ጉዳይ ከክፍላችን ልጆች ሁሉ አዋቂዋ እሷ ነበረች።

ነገሩ የተጀመረው አስተማሪያችን ቲቸር ማርያማዊት አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጠመኔዋን አስቀምጣ፣ «ከሰኞ ጀምሮ የማስተምራችሁ ቤታችሁ መጥቼ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን እንሠራለን፣ እንጠያየቃለን፣ እንጫወታለን። ሰኞ ፍላሽ ያለው ፍላሽ፣ የሌለው የስልክ ሚሞሪ ይዞ ይምጣ» ያለችን ዕለት ነው።

እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስበር ኩንታል የተሸከሙ ወዛደሮች መሐል ለመሐል ሾልኬ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደርሼ፣ «እማዬ! ቲቸር ሰኞ ቤታችን ልትመጣ ነው!» አልኳት።

እናቴ ሠርኬ ለምን፣ እንዴት ብላ አትጠይቅም፤ ለሥራ ትነሳለች እንጂ። ቅዳሜ የሶፋውን ልብስ አጠበች። እሁድ መጋረጃውን አወረደች። ሰኞ ለአባቴ ሱቅ ድረስ ልካበት፣ «እንግዳ አለብን፣ በጊዜ ግባ» አስባለችው። እሱም ሱቁን በጊዜ ዘግቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሶፋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ታዲያ የት አለች?» አለ።

ከዩኒፎርሜ ኪስ ቲቸር ቀን ትምህርቷን ጭና የሰጠችኝን ፍላሽ አወጣሁና ሪሲቨሩ ላይ ሰካሁት። ቲቸር ማርያማዊት ቴሌቪዥናችን ውስጥ ብቅ አለች። ከኋላዋ ነጭ ሰሌዳ አለ፤ ምስሉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። «ሰላም ልጆች፣ ደህና ዋላችሁ? ዛሬ የምንማረው ስለ ክፍልፋይ ነው» አለች።

አባቴ እናቴን አየ። እናቴ የታጠበውን የሶፋ ልብስ አየች።

«እንግዳዋ ይቺ ናት?» አለ አባቴ። ከዚያ ቆጣ አለ። «አስተማሪ ቤት፣ ጨዋታ ትምህርት ቤት! ዓለም ተገለበጠች ማለት ነው? እኔ ልጄን ለጨዋታ አልላክሁም። ጨዋታማ ሸማ ተራ ሞልቷል።»

አባቴ አስናቀው ሸማ ተራ ውስጥ ጋቢና ነጠላ ነጋዴ ነው። ጨርቅ በክንዱ ለክቶ፣ በጣቱ ዳሶ፣ የየት ሸማኔ እጅ እንደሆነ ይነግርሃል። እናቴ «መርካቶ ውስጥ እሱን የሚያታልል ገና አልተወለደም» ትላለች። እኔም አባቴ የማያውቀው ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። «እኛ ስንማር» እያለ ሲጀምር፣ ተምሮ ተምሮ የጨረሰ ሰው ነበር የሚመስለኝ።

ክፍላችን ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሌላ ቦታ ሆነ። በፊት አስተማሪዎቻችንን የምናውቃቸው በጀርባቸው ነበር፤ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ደወል ይደወላል። አሁን ቲቸር ማርያማዊት ማታ የሰማነውን ይዘን ስንመጣ ዴስኮቹን ታገጣጥምና መቀስ፣ ሪባን፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ በውሃ የተሞላ ሃይላንድ ታድለናለች። ግማሽ ሊትሩን ወደ ሩብ ሊትር እንገለብጣለን፣ ይፈሳል፣ እንጣላለን፣ እንደገና እንሞላለን። ክፍል ውስጥ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ «ተሳስታችኋል! ሁለት ሩብ ነው የሚይዘው!» ብላ ስትጮህ ሰምቻለሁ። ቲቸር በየዴስኩ ቁጢጥ እያለች ታዳምጠናለች። ፊቷ ላይ ጠቃጠቆ እንዳለ እንኳን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ቤት ስንገባ ታዲያ ዩኒፎርማችን እርጥብ፣ ኪሳችን በሪባን የተሞላ ነው። ሸማ ተራም፣ ሶማሌ ተራም ወላጆች ማጉረምረም ጀመሩ። «ልጄ ምን ተማርሽ ስላት ውሃ ገለበጥን ትለኛለች» አለ አንዱ። ነገሩ ሲካረር የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አቶ ካሳ ስብሰባ ጠሩ። የሸማ ተራ ወላጆችም «አስናቀው አንደበት አለው፤ እሱ ይናገርልን» ብለው አባቴን መረጡት።

ከዚያ በኋላ ነው አባቴ ምሳውን ቤት መጥቶ መብላት የጀመረው።

ይሄ የመጀመሪያው ማስረጃዬ ነው። አባቴ ምሳውን ሁልጊዜ ሱቁ ነበር የሚበላው፤ እናቴ በሳህን ትልክለታለች። አንድ ቀን ግን እኔ ለምሳ ስመጣ በሩ ገርበብ ብሎ የቲቸር ድምፅ ከውስጥ ይሰማል። በቀዳዳው አጮልቄ አየሁ። አባቴ ጫማውን አውልቆ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሪሞቱን በሁለት እጁ ይዟል። ቲቸር ክፍልፋዩን አስረድታ ስትጨርስ እንደ ልማዷ «አሁን አቁሙኝና ራሳችሁ ሞክሩ» አለች።

«እሺ» አለ አባቴ።

ለቴሌቪዥን «እሺ» አለ! ለማንም በቀላሉ እሺ የማይለው አባቴ! አቆማትና እስክሪብቶ አውጥቶ መዳፉ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። እኔ ስገባ መዳፉን ጨበጠ። «እጄን ልታጠብ» ብሎም ወጣ።

ለጸሎት ስነግራት አልደነቃትም። «መዳፉ ላይ? ስልክ ቁጥሯ ነዋ!» አለች።

አሁን ሳስበው፣ ወረቀት ያልተጠቀመው ወረቀት ስለሚገኝ ነው። መዳፍ ይታጠባል። አንድ አርባ ዓመት የሞላው የሸማ ተራ ነጋዴ ሁለት ሦስተኛን ለአንድ አራተኛ ሲያካፍል ተሳስቶ፣ ስህተቱን ልጁ እንዳታይበት ከሳሙና የተሻለ ምን ያገኛል? ያኔ ግን እኔ ይህን ከየት አውቄ።

ሁለተኛው ማስረጃ ጥያቄዎቹ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ድረስ ይሸኘኝ ጀመር። መንገዱን ሁሉ ስለ እሷ ይጠይቀኛል።

«ቲቸርሽ ክፍል ውስጥም እንደዚያ ቀስ ብላ ነው የምታወራው?»

«አዎ።»

«ትስቃለች?»

«ትስቃለች።»

ጋሪ ያሳልፋል፤ ከዚያ ደግሞ፣ «ልጅ ሲሳሳትባትስ? ሰው ፊት ምን ትላለች?»

«ምንም አትልም። ‹እስቲ እንዴት እንዳሰብሽው ንገሪኝ› ነው የምትለው።»

«እንዴት እንዳሰብሽው ንገሪኝ» ብሎ ለራሱ ደገመው፤ ፊቱ ለስለስ አለ። እኔ ያን ፊት ፍቅር ነው ብዬ መዘገብኩት። ጎጃም ውስጥ ያለች አንዲት ክፍልን፣ ሰሌዳ ፊት ቆሞ መልሱ የጠፋበትን ልጅ፣ «ይሄ በሬ» ብሎ ክፍሉን ያሳቀበትን አስተማሪ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያ ልጅ አባቴ ነበር፤ በዚያው ሳምንት አጎቱ መርካቶ ሊያመጣው ሲጠይቀው ቀድሞ ጫማውን ያሰረው እሱ ነበር። አራተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ማለት ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ እናቴ ናት፤ ሆዴን ያባባኝም ይሄኛው ነው። ጎረቤታችን እትዬ ማሚቱ በር ላይ በርበሬ እየለቀሙ ነበር። እናቴ አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ «ያቺ ሴትዮ ባሌን ወሰደችብኝ እኮ» አለቻቸው። «ምሳ አቅርቤለት ዓይኑ እሷ ላይ ነው። እህሉ ይቀዘቅዛል።»

«እና ዝም አልሽው?» አሉ እትዬ ማሚቱ።

«ምን ላድርግ? ተዪው ይጥገብ። በልጅነቱ ያልጠገበው ነገር ነው።»

ይሄን ብላ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። እናቴ እያለቀሰች ነው! እትዬ ማሚቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። ልጅነት ክፉ ነው፤ ቃሉን ይሰማል፣ ፈገግታውን አያይም። እናቴን በቅርቡ ሳነሳባት፣ «አልቅሼስ ነበር፤ ግን አንቺ ባልሽው አይደለም» አለችኝ። «ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ልጅ ሳለ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያኔ ነው። ሲገባው ደግሞ ጭኑን በጥፊ ይመታል! እንዴት አላለቅስ?»

የመጨረሻው ማስረጃ ግን ራሱ ከአፉ የወጣ ነው። ፊቱን ሲላጭም፣ ጫማውን ሲያስርም፣ እህል ሲጎርስም አንድ ነገር ያጉተመትም ጀመር።

«ሲካፈል እንዴት ይበዛል? አንድን ነገር ስታካፍለው ያንሳል እንጂ እንዴት ይበዛል?»

ጸሎት ይሄን ስትሰማ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «አበቃ! ልቡን ለሁለት ሊያካፍለው ነው» አለች። «በድራማ እንደዚህ ያለ ሰው መጨረሻው ሁለት ቤት ነው።»

ሁለት ቤት! አባቴ ግማሽ ሳምንት እኛ ጋ፣ ግማሽ ሳምንት ቲቸር ማርያማዊት ጋ። እኔ ክፍል ገብቼ «ቲቸር» ልበላት ወይስ «እንጀራ እናቴ»? ስብሰባው ቅዳሜ ነው። አባቴ ለዚያ ቀን ሱፉን ላውንደሪ ሰጥቷል። ጊዜ አልነበረኝም። ዓርብ ልጆች ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረሁ። ቲቸር ማርያማዊት መቀሶቹን በካርቶን እየሰበሰበች ነበር።

«ቲቸር፣ ባል አለዎት?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አለኝ፣ አዲስዓለም ልጄ። ምነው?»

«የት ነው ያለው?»

ሳቀች። «በየቀኑ ቤታችሁ ይመጣ የለ! ቪዲዮውን ማን የሚቀርጸው ይመስልሻል? እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ስልክ መያዝ አይችልበትም።»

ይባስ ብሎ! አሁን ደግሞ ለማላውቀው ሰውዬ አዘንኩለት። ሚስቱን በገዛ እጁ እየቀረጸ ወደ እኛ ቤት የሚልክ ምስኪን! አባቴና እሱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲያያዙ ታየኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። እኛ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ለወላጆች የምናሳየው ነገር ስላለን ከፊት ወንበር ተቀምጠናል። አባቴ የተተኮሰውን ሱፍ ለብሷል፤ ጺሙን ተላጭቷል፤ እናቴ አጠገቡ ናት። አቶ ካሳ ንግግራቸውን ገና ሳይጨርሱ ወላጆች እጅ ማውጣት ጀመሩ።

«እኛ የምንፈልገው አስተማሪ ቆሞ እንዲያስተምር ነው» አሉ አንዲት እናት። «ቴሌቪዥንማ እኛም አለን።»

«መብራት ሲጠፋስ? ያን ቀን ትምህርት የለም ማለት ነው?» አለ ሌላው።

ቲቸር ማርያማዊት፣ «መብራት የጠፋበት፣ ቴሌቪዥን የሌለው ልጅ ጠዋት ቀደም ብሎ መጥቶ ከእኔ ስልክ ያያል» ብላ መለሰች፤ ግን ድምጿ አነስ ብሎ ነበር። ጉምጉምታው በላት። በዚህ መሐል ከኋላ «አስናቀው ይናገር! አስናቀው!» የሚል ድምፅ መጣ።

አባቴ ተነሳ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። መልሶ ፈታው።  ጸሎት ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ አባቴ፤ ዓይኑ ቲቸር ማርያማዊት ላይ ነው። «ሲካፈል እንዴት ይበዛል?»

ዓይኔን ጨፈንኩ።

 ከኋላ አንዱ ሳቀ። «አስናቀው፣ ስለ ትርፍ ነው እንዴ የምታወራው?» አለ ሌላው፤ ሳቁ ተዛመተ። ዓይኔን ስገልጥ አባቴ ጆሮው ቀልቷል። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር። ሊቀመጥ ጉልበቱን አጠፍ ሲያደርግ እናቴ ከታች በኩል የኮቱን ጫፍ ይዛ ወደ ላይ ገፋችው።

ቲቸር ማርያማዊት አልሳቀችም። «ይሄን ጥያቄ ልጆቹም ስንት ቀን ሲከራከሩበት ነበር» አለች። «ጋሽ አስናቀው፣ እስቲ እንዴት እንዳሰቡት ይንገሩኝ።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቪዲዮው ላይ ሦስት ለግማሽ ሲካፈል ስድስት ነው ብለሻል። ደጋግሜ አየሁት። ስሌቱን እሠራዋለሁ፤ ትገለብጪዋለሽ፣ ታባዢዋለሽ፣ ስድስት ይመጣል። ግን ሦስት ነገር ይዤ አካፍዬ እንዴት ስድስት ይዤ እገባለሁ? ሌብነት መሰለኝ።»

«ይምጡ ወደዚህ» አለችው።

ሄደ። ከካርቶኑ ውስጥ ሦስት ሜትር አቡጀዲ አውጥታ አስያዘችው። «ለአንድ ሰው አንድ አንድ ሜትር ቢሰጡ ለስንት ሰው ይደርሳል?»

«ለሦስት።»

«አሁን ደግሞ ለአንዱ ግማሽ ሜትር ብቻ ይስጡ። እስቲ ይቅደዱልኝ።»

አባቴ ጨርቁን ለክቶ በጥርሱ ነከስ አደረገና ቀደደው፤ የጨርቁ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። የመጀመሪያውን ለእኔ ሰጠኝ። ሁለተኛውን ለጸሎት። እንዲህ እያለ ከፊት ወንበር ላለነው አደለን። ሲጨርስ እጁ ባዶ ነበር፤ ስድስት ልጆች ጨርቃችንን ከፍ አድርገን ይዘናል። ቆሞ አየን። ደጋግሞ አየን። ከዚያ የገዛ ጭኑን በጥፊ መታ።

«ድርሻው ነው ያነሰው!» አለ። «የበዛው ሰዉ ነው!»

ዞር ብሎ ወላጆቹን አያቸው። አሁን ጆሮው አልቀላም። «እኔ ልናገርላችሁ ነበር የመጣሁት። ምን ብዬ እንደምናገርም ተዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ አይቼ ልናገር ብዬ ቪዲዮውን ምሳ ሰዓት ማየት ጀመርኩ። እኔ ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው፤ ይህን ሚስቴ እንጂ ልጄ አታውቅም። በእኛ ጊዜ አስተማሪ አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው። ያልገባው ይቀራል። ይቺን ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ቁሚ ስላት ትቆማለች፤ መልሰሽ ንገሪኝ ስላት ትመልስልኛለች፤ አትሰለችም። አንድ ነገር ግን አትችልም። ስጠይቃት አትሰማኝም። ይሄው ጥያቄዬን ይዤ ስዞር ከረምኩ፤ የተመለሰልኝ እዚህ መጥቼ፣ ጨርቁን በእጄ ይዤ ነው። ክፍሉ ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው?»

አዳራሹ አላጨበጨበም። ፊልም ቢሆን ይጨበጨብ ነበር። አንዳንዱ እያጉረመረመ ቀጠለ፤ አንዱ አባት ልጁን በመንፈቀ ዓመቱ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ወሰደው። ግን «ቴሌቪዥንማ እኛም አለን» ያሉት እናት፣ «እስቲ ያቺን ሃይላንድ አሳዪኝ» ብለው ወደ ፊት መጡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። አቶ ካሳም ትምህርቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲቀጥል፣ ውጤቱ ያኔ እንዲታይ ወሰኑ።

እኔ ግን አሁንም አላረፍኩም። ወደ ቤት ስንሄድ በሁለቱ መሐል ሆኜ፣ ጎጃም በረንዳ ጋ ስንደርስ አላስችል አለኝ።

«አባዬ፣ እማዬን ትተህ ቲቸርን ልታገባ ነው?»

አባቴ ቆመ። ከኋላው ያለው ተሸካሚ «ዞር በል!» ብሎ ጮኸበት፤ አልሰማውም። እናቴ ግን ሳቋ መጣ። ግድግዳ ተደግፋ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወርድ ሳቀች። «በል መልስላት! ጥያቄ የምትወደው አንተ አይደለህ!» አለችው። አባቴ ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«አዲስዬ፣ እኔ የወደድኩት ማወቁን ነው» አለ። ትንሽ አስቦም፣ «እና አንቺ ፊት እንዳላፍር ፈርቼ ነው የተደበቅሁት» አለኝ።

አባት ልጁን ሊፈራ እንደሚችል ያን ቀን ነው የሰማሁት። እጁን ያዝኩት።

ቲቸር ማርያማዊት ቅዳሜ ከሰዓት ወላጆችን ማስተማር ጀመረች። መጀመሪያ ጥቂት ሰዎች መጡ፤ በልጆች ዴስክ ጉልበታቸው አልገባ እያለ ተቀመጡ። በተከታዩ ዓመት አባቴ የማታ ትምህርት ተመዘገበ። እኔ ወደ ስድስተኛ አለፍኩ፤ እሱ ደግሞ በማታው ትምህርት ሁለት ክፍል በአንድ ዓመት ይጨረስ ስለነበር ደርሶ ያዘኝ። እናም የስምንተኛ ክፍል ፈተና የተቀመጥነው በአንድ ዓመት፣ በአንድ ጣቢያ ነው።

የፈተናው ቀን ጠዋት ሦስታችንም ሄድን። በሩ ላይ ልጆች እንደ ንብ ተሰብስበዋል፤ ወላጆች የመጨረሻ ምክር ይመክራሉ። እኔ የመግቢያ ካርዴን አሳይቼ አለፍኩ። አባቴ ሊከተለኝ ሲል ዘበኛው ክንዱን ዘርግቶ አገደው።

«ጋሼ፣ ወላጅ ከዚህ አያልፍም።»

አባቴ ከኮቱ ኪስ ካርዱን አወጣ። ዘበኛው ፎቶውን አየ፤ ሰውየውን አየ፤ እኔን አየ።

«ተፈታኝ ነኝ» አለ አባቴ። ከዚያ ዞሮ ወደ እናቴ ጠቆመ። «ወላጃችን ያቻት።»

እናቴ ከአጥሩ ውጪ፣ ከወላጆቹ መሐል ቆማ ሁለት እጇን አነሳችልን።